ከሻላ ጭቃ የወጣ ባሲለስ፣ ትንሽ የፕሮቲዬዝ አክቲቪቲ በምን ይለካል? ፎሊን አልበቃኝም

ሻላዋ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እርዳታ ፈልጌ ነው። ባዮቴክ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ቲሲሴ አልካላይን ፕሮቲዬዝ (ፒኤች ከፍ ባለበት ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ላይ ነው፣ ከአቢጃታና ከሻላ ሐይቅ ዳር ካመጣነው ጭቃ ባሲለስ መሳይ ባክቴሪያዎች ለይቼ ፒኤች 10 በሆነ ስኪም ሚልክ አጋር ላይ ዘርቼ ዙሪያቸውን ጥርት ያለ ቀለበት ያወጡትን መርጫለሁ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይል ነበር። ሀሳቤ መጨረሻ ላይ ከቆዳ ላይ ጸጉር ለማንሳት የሚሆን ኢንዛይም ማግኘት ነው፣ አሁን ጸጉሩ የሚነሳው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ስለሆነ የፍሳሹ ጣጣ ከባድ ነው፣ ሰልፋይዱን የሚቀንስ ነገር ከራሳችን ሐይቅ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ችግሬ ቁጥሩ ላይ ነው። የማሳድግበት በኑግ ፋጉሎ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ፣ ደግሞም አማረ ገሠሠ እኤአ በ1997 ባወጡት ስራ አልካላይን ፕሮቲዬዝ በኑግ ፋጉሎ ማምረት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከዛ ሴንትሪፊውጅ አድርጌ ሱፐርናታንቱን (ላይ የሚቀረውን ፈሳሽ) ከካዜይን (የወተት ፕሮቲን) ጋር 50 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አቆይቼ በቲሲኤ (ያልተቆረጠውን ፕሮቲን የሚያዘቅጥ አሲድ) አቆመዋለሁ፣ አጥልዬ ሶዲየም ካርቦኔትና ፎሊን (ከተቆረጠው ጋር ሰማያዊ የሚሆን ሪኤጀንት) ጨምሬ 660 ናኖሜትር ላይ አነባለሁ። ግን ብላንኩ (ኢንዛይሙ ያልሰራበት ማነጻጸሪያ) ራሱ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል! ናሙናውና ብላንኩ ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው፣ ትሪፕሊኬቶቹ (ሦስቴ የደገምኳቸው) እርስ በርስ ካላቸው ልዩነት አይበልጥም፣ አጋሩ ላይ ሰፊ ቀለበት የሰራው አይሶሌት (የለየሁት ባክቴሪያ) እዚህ ጋር ዜሮ አካባቢ ይሆንብኛል። ፒውሪፊኬሽን ስጀምር ደግሞ በጣም ትንሽ ቮልዩም ነው የሚኖረኝ፣ ያኔ ጭራሽ አላየውም ማለት ነው።

ዲፓርትመንታችን ያለው ዩቪ ቪዚብል ስፔክትሮ ነው፣ ሌላ ህንጻ ላይ ፍሎረሰንስ የሚያነብ ፕሌት ሪደር አለ በደብዳቤ ነው የሚፈቀደው። ኪት መግዛት በጣም ይከብደኛል፣ ዋጋውም እስኪገባ የሚወስደው ጊዜም። ከፎሊን በላይ ሴንሲቲቭ የሆነ ምን አለ? እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ?

ፔፕታይድ

ፎሊንን ተይው እህቴ፣ ፓራ-ናይትሮአኒሊን የተሰካበት ፔፕታይድ ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ነገር) ተጠቀሚ። የባሲለስ አልካላይን ፕሮቲዬዝ አብዛኛው ሰብቲሊሲን ቤተሰብ ነው፣ ሰብቲሊሲን ደግሞ ሰክሲኒል አላኒን አላኒን ፕሮሊን ፌኒልአላኒን የሚባለውን በጣም ይወደዋል። ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ቢጫው ፓራ-ናይትሮአኒሊን ይለቀቃል፣ 410 ናኖሜትር ላይ ቁጭ ብለሽ በየሰከንዱ ታነቢዋለሽ፣ ቲሲኤ የለ ማጥለል የለ ሴንትሪፊውጅ የለ። ሞላር አብዞርፕቲቪቲው (ብርሃን የመዋጥ አቅሙ) 8800 ስለሆነ 0.01 አብዞርባንስ ማለት ወደ 1.1 ማይክሮሞላር የተለቀቀ ቀለም ነው፣ ስታንዳርድ ከርቭ እንኳ ሳትሰሪ ወደ ዩኒት ትቀይሪዋለሽ።

ፕሌት ሪደሩ ከተፈቀደልሽ ደግሞ ያንኑ ፔፕታይድ ኤኤምሲ (ሲለቀቅ የሚያበራ ቀለም) በተሰካበት ብትገዢው በናኖሞላር ደረጃ ያለውንም ያሳይሻል፣ 380 አካባቢ አብርተሽ 460 ላይ ማንበብ ነው። በዲኤምኤስኦ ታሟሚዋለሽ፣ ጥቂት ሚሊግራም ብዙ ጊዜ ያቆይሻል። እኔ በሱ ነው የጨረስኩት።

የላብ ሰው

ሻላዋ፣ ሰብስትሬት ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ብላንክሽን የምትሰሪው እንዴት ነው? ኢንዛይም በሌለበት ባፈር ነው ወይስ ያንኑ ሱፐርናታንት ቲሲኤ ቀድመሽ ጨምረሽበት ከዛ ካዜይን አስከትለሽ? ሁለተኛው ነው ትክክለኛው፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ለብቻው መሰራት አለበት። አንቺ "ብላንኩ ራሱ ሰማያዊ ነው" ስላልሽ ሁለተኛውን እየሰራሽ ይመስለኛል፣ እንደዛ ከሆነ የነገሩ መልስ እዛው ውስጥ አለ።

ፎሊን እኮ ታይሮሲንን ለይቶ የሚያውቅ ነገር አይደለም። ፌኖል ያለበትን ሁሉ ሰማያዊ ያደርጋል፣ የምግብ ላብ ውስጥ ጠቅላላ ፖሊፌኖል የሚለካውም በዚሁ ሪኤጀንት ነው። ኑግ ደግሞ ክሎሮጀኒክ አሲድና ዘመዶቹ በብዛት አሉበት፣ ዘይቱ ሲጨመቅ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራሉ። ፒኤች 10 ላይ እነዚህ ኦክሲዳይዝ ሆነው ከፕሮቲን ጋር እየተያያዙ ብሮዝሽን (ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ) ቡናማ ወይም አረንጓዴ ያደርጉታል፣ አይተሽው ይሆናል። በዛ ላይ ከፋጉሎው የተሰባበሩ ትናንሽ ፔፕታይዶችና ነጻ አሚኖ አሲዶች አሉ፣ ቲሲኤ አይጥላቸውም፣ ሁሉም አልፎ ፎሊን ጋር ይደርሳል። ስለዚህ ያንቺ ችግር የኢንዛይሙ ማነስ ብቻ ሳይሆን የብላንኩ መብዛት ነው። መርካቶ መሀል ቆሞ የሚያንሾካሹክ ሰው ለመስማት ቀድሞ ግርግሩን ማስቆም ይሻላል። ይሄንን ሳታስተካክዪ ወደ ፍሎረሰንስ ብትሄጂ ችግሩ ተከትሎሽ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ያ ቡናማ ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ፣ መጀመሪያ አጽጂው። 10 ኪሎዳልተን የሆነ ሴንትሪፊውጋል ፊልተር ካላችሁ ሱፐርናታንቱን በሱ አሳልፊ፣ ሰብቲሊሲን ወደ 27 ኪሎዳልተን ስለሚሆን ላይ ይቀራል፣ ያልተያያዘው ፌኖልና አሚኖ አሲዱ ወደታች ይወርዳል፣ ያውም በአንድ ጊዜ ኢንዛይሙን ኮንሰንትሬት አደረግሽው ማለት ነው። እሱ ከሌለ ዲያሊሲስ ቲዩብ በቀዝቃዛ ክፍል፣ ወይም ሴፋዴክስ ጂ-25 ኮለምን፣ አሞኒየም ሰልፌትም ጥሩ ነው ግን ከሱ በኋላ ጨውን ማውጣት አለ። ካልሲየም ክሎራይድ ትንሽ፣ 1 ወይም 2 ሚሊሞላር፣ ባፈሩ ውስጥ ይኑር፣ ሰብቲሊሲኖች ካልሲየም ሲለቃቸው ራሳቸውን መብላት ይጀምራሉ።

ሁለተኛ ሰዓቱን አስረዝሚ። ይሄንን ብዙ ተማሪ አያስበውም። ከሚዲያው የሚመጣው ብላንክ በ10 ደቂቃም በ60 ደቂቃም ያው ነው፣ ከኢንዛይሙ የሚመጣው ግን በሰዓቱ ልክ ያድጋል፣ ስለዚህ 10 ደቂቃውን አንድ ሰዓት ብታደርጊው ሲግናሉ ወደ 6 እጥፍ ሲሆን ብላንኩ ባለበት ይቆያል። ምንም ብር ሳታወጪ ማለት ነው። ግን በ15 በ30 በ60 ደቂቃ እየቀዳሽ መስመሩ ቀጥ ብሎ መሄዱን ማየት አለብሽ፣ ከታጠፈ ወይ ኢንዛይሙ እየሞተ ነው ወይ ሰብስትሬቱ እያለቀ ነው። ከዛ በላይ ለሰዓታት የምታቆዪው ከሆነ በ0.22 ማይክሮን አጥልይና ሶዲየም አዛይድ 0.02 ፐርሰንት ጨምሪ፣ አለበለዚያ የምትለኪው ባክቴሪያው አሁን እያመረተ ያለውን ይሆናል። ቲዩቡም ይከደን፣ 50 ዲግሪ ላይ ውሃው ይተናል።

ከዚህ በኋላም ካነሰ ያኔ ወደ ፍሎረሰንስ ሂጂ፣ እዛም ላይ ኪት የግድ አይደለም። ኤፍአይቲሲ (የሚያበራ የፍሎረሴይን ቀለም) የተሰካበት ካዜይን ራስሽ መስራት ትችያለሽ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰው እየሰራው ነው። ካዜይኑን በካርቦኔት ባፈር ፒኤች 9.5 አሟሚው፣ ለ1 ግራም ካዜይን 40 ሚሊግራም ገደማ ኤፍአይቲሲ ጨምረሽ ጨለማ ቦታ ለአንድ ሰዓት አካባቢ አማስይው፣ ከዛ ያልተያያዘውን ቀለም በዲያሊሲስ አውጪ፣ ውሃው ቢጫ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ እየቀያየርሽ። ይሄ ላይ አትቸኩዪ፣ የቀረ ነጻ ቀለም ሁሉ በኋላ ብላንክ ሆኖ ይመለሳል። ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ፣ ፎይል ጠቅልለሽ። አሰራሩ እንደ ፎሊኑ ነው፣ ኢንዛይም ከሰብስትሬት ጋር አቆይተሽ በቲሲኤ ማቆም፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ላዩን ማንበብ። ፎሊን በማይክሮግራም የሚቆጠር ታይሮሲን ሲጠይቅሽ ይሄኛው በናኖግራም ደረጃ ያለ ትሪፕሲን ያሳያል።

አንድ ወጥመድ አለው። ፍሎረሴይን አሲድ ውስጥ አያበራም። ቲሲኤ ያለበትን የላዩን ፈሳሽ እንዳለ ወስደሽ ካነበብሽ ምንም የለም ብለሽ ትደመድሚያለሽ፣ ስለዚህ ትንሽ ቀድተሽ ብዙ ትሪስ፣ ለምሳሌ 0.5 ሞላር ፒኤች 8.5 የሆነ፣ ውስጥ ጨምሪው፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ መሆኑን በወረቀት አረጋግጪ፣ ከዛ 490 አብርተሽ 520 አካባቢ አንብቢ።

ፔፕታይድ

የላብ ሰው ስለ ብላንኩ ያሉት ልክ ነው፣ ኑጉን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ግን ፔፕታይዱ እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ፌኖል ቢኖርም 410 ላይ ከመጀመሪያው ያለው ቀለም ባለበት ይቆያል፣ እኛ የምናየው ጭማሪውን ነው፣ ስሎፑን። ለምን በካዜይን ትድከም?

ኒቢ_ማዶ

ጀርመን ሆኜ ነው የምጽፈው፣ እዚህ የምሰራው ከፕሮቲዬዝ ጋር ስለሆነ ጣልቃ ልግባ። ፔፕታይድ፣ ያልከው ኢንዛይሙ ለሚታወቅ ሰው ትክክል ነው፣ የእሷ ግን አይታወቅም እኮ። ያ ሰብስትሬት የሚያየው ከፌኒልአላኒን ቀጥሎ የሚቆርጥን ብቻ ነው። ከአይሶሌቶቿ አንዱ ሜታሎፕሮቲዬዝ (ለመቁረጥ እንደ ዚንክ ያለ ብረት የሚፈልግ) ቢያመርትስ? ሜታሎዎቹ አብዛኞቹ ያን ጫፍ ላይ ያለ ቀለም አይነኩትም፣ ከሚቆርጡት ቦታ በሁለቱም በኩል አሚኖ አሲድ ይፈልጋሉ። ያኔ ጥሩውን አይሶሌት ዜሮ ብላ ትጥለዋለች። ደግሞም እሷ የምታወዳድረው ለቆዳ የሚሆነውን ነው፣ ትንሽ ፔፕታይድ ላይ ፈጣን የሆነ ሁሉ ትልቅ ፕሮቲን ላይ ፈጣን ነው ማለት አይደለም። ለመምረጥ ካዜይን፣ ኢንዛይሙ ከታወቀ በኋላ ለካይኔቲክስ ፔፕታይድ፣ እኔ እንደዛ ነው የምለው።

ስለ ፍሎረሰንስ ካዜይን ልጨምር። ፕሮፌሰርሽ በጀት ካለው ቦዲፒ (ሌላ የሚያበራ ቀለም) በብዛት የተሰካበት ካዜይን አለ፣ ቀለሞቹ ተጠጋግተው እርስ በርስ ስለሚያጠፋፉ ሙሉ ካዜይኑ ደብዛዛ ነው፣ ሲቆረጥ ተለያይተው ይበራሉ። ቲሲኤ አያስፈልገውም፣ ፕሌቱ ላይ እያየሽው ይጨምራል፣ ቮልዩሙም 100 ማይክሮሊትር ይበቃል፣ ለፒውሪፊኬሽን ፍራክሽኖችሽ የሚሆነው ይሄ ነው። የቦዲፒ ብርሃን ደግሞ በፒኤች አይለዋወጥም፣ ያንቺን 10 ይችለዋል።

ግን ሚዲያሽ ላይ የስት ኤክስትራክት አለበት? ካለበት ሪቦፍላቪን አለ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ራሱ አረንጓዴ ያበራል፣ 450 ላይ ተቀብሎ 530 አካባቢ ይሰጣል፣ ልክ ኤፍአይቲሲ የሚነበብበት ቦታ። ሰው ይሄንን ሳያውቅ ሚዲያውን ራሱን እንደ ፕሮቲዬዝ ሪፖርት ያደርጋል። ወይ አጽጂው የላብ ሰው እንዳሉት፣ ወይ ቀዩን ቦዲፒ ያዢ፣ 590 ገደማ አብርተሽ 620 አካባቢ የሚነበበውን፣ እዛ ጋር ሪቦፍላቪኑ አይመጣም።

እና ዛይሞግራም (ኢንዛይሙ ጄል ውስጥ ያለውን ፕሮቲን በልቶ ያለበትን ቦታ የሚያሳይበት) ስሪ በፈጠረሽ! ጄላቲን ወይም ካዜይን 0.1 ፐርሰንት ያለበት ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) ጄል ላይ ናሙናውን ሳታፈዪ መርካፕቶኤታኖልም ሳትጨምሪ ጫኚው፣ በብርድ አስኪጂው፣ ከዛ ትራይተን ኤክስ-100 2.5 ፐርሰንት ውስጥ አጥበሽ ኤስዲኤሱን አውጪ፣ ኢንዛይሙ መልሶ ይታጠፋል፣ ፒኤች 10 ባፈር ከካልሲየም ጋር ውስጥ አሳድረሽ በኩማሲ ቀቢው። ሰማያዊው ላይ ነጭ ባንድ ታያለሽ። ጄላቲን ዛይሞግራፊ ለአንዳንድ ኢንዛይሞች ፒኮግራም ድረስ ያሳያል፣ ኤምኤምፒ-2 የሚባለው ኢንዛይም ላይ እንደዛ ነው። ቁጥር አድርጎ መስጠት ላይ ደካማ ነው፣ ግን በአንድ ሱፐርናታንት ውስጥ ስንት ፕሮቲዬዝ እንዳለና በግምት የስንት ኪሎዳልተን እንደሆነ ሌላ አሴይ አይነግርሽም። ሌኑ ከላይ እስከታች ከተበላ ናሙናው በዝቷል ወይም ጄሉ እየሄደ እያለ ስራ ጀምሯል፣ አቅጥኚው። ባንድ ካልወጣ ደግሞ የለም ማለት አይደለም፣ ከኤስዲኤስ በኋላ መልሰው የማይታጠፉ ኢንዛይሞች አሉ።

ተስፈኛ

እኔም እዚሁ ችግር ላይ ነኝ፣ እኛ ጋር ግን ፍሎረሰንስ የሚያነብ ነገር በአቅራቢያ የለም፣ ስፔክትሮ ብቻ ነው። አዞካዜይን ይሻላል ወይስ ኦፒኤ?

የላብ ሰው

ተስፈኛ፣ አዞካዜይን ከፎሊን ይልቅ ንጹህ ነው እንጂ ከሱ ብዙ ሴንሲቲቭ አይደለም። ቀለሙ ካዜይኑ ላይ አስቀድሞ የተሰካ ስለሆነ ፌኖልና አሚኖ አሲድ አይረብሸውም፣ ቲሲኤ ካደረግክ በኋላ ላዩን ወስደህ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አልካላይን አድርገህ 440 ላይ ታነባለህ። ብሮዙ ራሱ ቡናማ ከሆነ ግን እዛው 440 ላይ ይደርብሃል።

ኦፒኤ ርካሽ ነው፣ የሚለካው በእያንዳንዱ ቁርጥ የሚወጣውን ነጻ አሚኖ ግሩፕ ነው፣ 340 ላይ ሞላር አብዞርፕቲቪቲው 6000 አካባቢ ነው። ከፎሊን የሚለየው ታይሮሲን ኖረ አልኖረ የተቆረጠውን ሁሉ መቁጠሩ ነው። ያለመጽዳት ግን አይሞከርም። ባፈርህንም ተመልከት፣ እናንተ ፒኤች 10 ላይ የምትሰሩ ሰዎች ግላይሲን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ትወዳላችሁ፣ ግላይሲን ደግሞ አሚኖ አሲድ ነው፣ ኦፒኤውን ብቻውን ይጨርሰዋል። ትሪስም እንደዛው። በካርቦኔት ልቀይር ብትል ካልሲየሙ ነጭ ሆኖ ይዘቅጥብሃል። ለኦፒኤ ቦሬት ወይም ካፕስ ባፈር ይሻላል፣ ካፕስ ፒኬኤው 10.4 ስለሆነ እዛ አካባቢ ጥሩ ይይዛል።

ሻላዋ

በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። የላብ ሰው፣ እርስዎ እንዳሉት ብላንኩ ቲሲኤ ቀድሞ የገባበት ነው፣ ብሮዙም አዎ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቡናማ ነው። ዛሬ የኑጉን ሚዲያ ብቻውን፣ ባክቴሪያ ሳይዘራበት፣ ፎሊን ጨመርኩበት፣ ከብላንኩ ምንም አይለይም፣ ሰማያዊው ከሚዲያው ነው የመጣው ማለት ነው! ከዛ ያንኑ ሱፐርናታንት በ10 ኪሎዳልተን ፊልተር በባፈር ደጋግሜ አጥቤ አንድ ሰዓት ካዜይን ላይ ሳቆየው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሰፊ ቀለበት የነበረውም አይሶሌት አሁን ከፊት ካሉት ጋር ነው።

ኒቢ፣ ዛይሞግራሙን የጄል ክፍሉ ሲለቀቅልኝ እሰራለሁ፣ ኤፍአይቲሲውንም አንድ የኢሚውኖሎጂ ላብ ፍሪዘር ውስጥ ስላገኘሁ እራሴ ልሰራው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ኢንዛይሙ ሰሪን ፕሮቲዬዝ ይሁን ሜታሎ ለመለየት ፒኤምኤስኤፍ (ሰሪኖቹን የሚያቆም) እና ኢዲቲኤ (ብረቱን የሚወስድ) ልጠቀም አስቤያለሁ፣ እዛው ፒኤች 10 አሴይ ውስጥ ብጨምረው ይሆናል?

ኒቢ_ማዶ

እዛው አትጨምሪው። ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ይፈርሳል፣ ፒኤቹ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፣ 25 ዲግሪ ላይ ግማሹ የሚጠፋው ፒኤች 7 ላይ በ110 ደቂቃ፣ 7.5 ላይ በ55፣ 8 ላይ በ35 ደቂቃ ነው። 10 ላይና 50 ዲግሪ ላይ ኢንዛይሙን ሳያገኘው ያልቃል፣ አንቺም ሰሪን ፕሮቲዬዝ አይደለም ብለሽ ትጽፊያለሽ። ኢንዛይሙን ፒኤች 7.5 ባፈር ውስጥ በክፍል ሙቀት ከ1 ሚሊሞላር ፒኤምኤስኤፍ ጋር ግማሽ ሰዓት አቆይተሽ ከዛ ወደ አሴዩ ውሰጂው፣ አንዴ ከያዘው አይለቀውም። ስቶኩን በአይሶፕሮፓኖል ነው የምትሰሪው፣ መርዛም ስለሆነ በጓንት፣ ኮንትሮሉም ያው አይሶፕሮፓኖል ይግባበት።

የላብ ሰው

ኢዲቲኤው ላይም ተጠንቀቂ። ሰብቲሊሲን ሰሪን ሆኖ ሳለ ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ሲወስድበት 50 ዲግሪ ላይ ይወድቃል፣ አንቺ ሜታሎ ነው ልትዪ ትችያለሽ። ኢዲቲኤ ቀንሶት ካየሽ 1፣10 ፌናንትሮሊን ለብቻው ሞክሪ፣ እሱ ዚንኩን ይወስዳል እንጂ ካልሲየሙን ብዙ አይነካም። ፌናንትሮሊን ከቀነሰው ሜታሎ ነው፣ ካልቀነሰውና ፒኤምኤስኤፍ ከገደለው ሰሪን ነው። ዛይሞግራሙ ሁለት ባንድ ካሳየሽ ደግሞ ጄሉን ለሁለት ቆርጠሽ አንዱን ፌናንትሮሊን ባለበት ባፈር አሳድሪው፣ የትኛው ባንድ እንደሚጠፋ በቀጥታ ታያለሽ።